ሰውን ሁሉ እኩል የጠረጠሩት አያ ጌታሁን

አያ ጌታሁን ደግ ሰው አልነበሩም። ባለፈው እሑድ ሞተው፣ መተማ ዮሐንስ ላይ በተጣለው ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ «ደግ ነበሩ፣ የዋህ ነበሩ፣ ሰው ያምኑ ነበር» እያለ ሲቀባበል ሰማሁት። ሦስቱም ሐሰት ነው። ሰው ማመን ይቅርና፣ ሚስታቸው እትዬ አለምነሽ ከገበያ ሲመለሱ ቲማቲሙን ከዘንቢሉ ሥር እየቆፈሩ ነበር የሚያዩት። እትዬ አለምነሽም ይህን ስለሚያውቁ ደህና ደህናውን ከሥር ያደርጉላቸዋል። አርባ ዓመት በዚህ ዓይነት ተፋቅረው ኖሩ።

ለቅሶ ላይ የሚወራ ውዳሴ ድሮም አልወድም። ሰውየው መሞቱ አነሰው ብለን ጠባዩንም እንቀብርበታለን፤ ሟቹን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገን፣ በሳሙና አጥበን እንሸኛለን። አያ ጌታሁን እንዲህ ታጥበው መሄድ የለባቸውም። ነገረኛ፣ አስቸጋሪ፣ ምላሳቸው የሚያቆስል ሰው ነበሩ። በዚህ ቆላ ካወቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ፍትሕ ማለት ምን እንደሆነ የገባቸውም እሳቸው ነበሩ። ስለ ፍትሕ የተጻፉ ወፍራም ወፍራም መጻሕፍት ሳነብ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና ይህን የምለው አስቤበት ነው። ከነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ጆንያ እንዴት እንደሚወጋ የሚናገር አንድም የለም።

የአያ ጌታሁን ሥራ ጆንያ መውጋት ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ነጋዴ መጋዘን በር ላይ ሰሊጥ መርማሪ ሆነው ሠርተዋል። ቆላውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ በጆንያ ወደ መጋዘን ሲመጣ፣ ሻጩ ከላይ ያማረውን፣ ነጩንና የጠራውን ያደርጋል። ከመሃል ትንሽ ገለባ ይገኛል፤ ከሥር ደግሞ ትንሽ አሸዋ። ይህን እንደ ኃጢአት የሚቆጥረው የለም፤ እንደ ጨዋታ ደንብ ነው። መርማሪው ጫፉ ሹል፣ ሆዱ ባዶ የሆነ የብረት ቱቦ ይዞ ጆንያውን ይወጋና ቱቦው ያወጣውን መዳፉ ላይ አፍስሶ ያያል። ሌሎቹ መርማሪዎች የማያውቁትን ሰው ጆንያ ሦስት ቦታ፣ የሚያውቁትን ሰው አንድ ቦታ ይወጋሉ፤ የዘመዳቸውን በዓይናቸው ብቻ ያልፉታል። አያ ጌታሁን የሁሉንም ሦስት ቦታ ይወጉ ነበር፤ ከአናቱ፣ ከወገቡ፣ ከሥሩ። መዳፋቸው ላይ ያለውን እፍ ይሉታል፣ በአውራ ጣታቸው ያሹታል፣ ጥቂት ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ሰማይ ሰማይ እያዩ ያኝካሉ። ከዚያ ፍርዱን የሚናገሩት ለጆንያው ነው። «አንተ አሸዋ ይዘሃል» ይሉታል፣ ሻጩ አጠገባቸው ቆሞ ላብ እያጠመቀው።

አንድ ዓመት የደብራችን አስተዳዳሪ ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን የሰጡትን ሰባት ጆንያ ሰሊጥ አስጭነው መጡ። አያ ጌታሁን ስድስቱን ሦስት ሦስት ቦታ ወጉ፤ ከስድስቱም አሸዋ ወጣ። ቄሱ በትሕትና ጎንበስ ብለው ይህ እኮ የእግዚአብሔር ነው አሏቸው። «እሱ አሸዋ ይወዳል ያለዎት ማን ነው?» አሉና ሰባተኛውን ወጉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሟቸው ቶሎ ይነጥቋቸው ነበር። አያ ጌታሁን አልተቀየሟቸውም። አንድም ቅዳሴ አላስታጎሉም፤ አንድም ጾም አልገደፉም። ቄሱን ሲያገኟቸው በጣም ዝቅ ብለው እጅ ይነሳሉ፤ ቀና ሲሉም ዓይናቸው ከቄሱ ጫማ እስከ ጥምጥማቸው ሦስት ቦታ ላይ ያርፍ እንደነበር እምላለሁ።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ከእሳቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠን የሱዳኑ ጦርነት ነው። ካርቱም መቃጠል ስትጀምር ሰው በገላባት በኩል ይጎርፍ ጀመር። ከድልድዩ ወዲያ ገላባት ነው፣ ወዲህ መተማ። ሱዳናዊው ይመጣል፤ ካርቱም ለሥራ ሄዶ የቀረው የኛው ሰው ይመጣል፤ ኤርትራዊው፣ ሶርያዊው፣ ከየት እንደሆነ ራሱም የተምታታበት ሰው ይመጣል። ክረምቱ ገብቶ ነበርና ሁሉም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ነው የሚደርስ። ኬላው ላይ የሚመጣውን የሚቀበልና የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔን ለእጅ ጽሕፈቴ፣ አያ ጌታሁንን ለአረብኛቸው ወሰዱን። አረብኛቸው ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ሠላሳ ዓመት ሲጨቃጨቁ የተማሩት ነው። ስለ ክብደት፣ ስለ ዋጋና ስለ እርግማን የማያውቁት ቃል የለም። ለሐዘን የሚሆን ቃል ግን አልነበራቸውም። አንዲት ሴት ልጇን መንገድ ላይ ቀብራ እንደመጣች ስትነግራቸው የራሳቸውን የውሃ ጀርካን አንስተው እግሯን አጠቡላት። ከዚያ ቀጥለው በምን መንገድ እንደመጣች ጠየቋት። ሁለቱንም በአንድ ፊት ነው ያደረጉት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ምናለ ይባላል፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ንቁና ቁጡ ሰው ነበር። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ጽሑፌ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አልነበረም። ባለፈው ዓመት በአጨዳ ወቅት ታጣቂዎች በዚያው ድንበር ገብተው ታላቅ ወንድሙን ከእርሻው ላይ አግተው ወስደውበታል። ወንድሙ አልተመለሰም። ምናለ ፍተሻ ሲል ከልቡ ነበር። ይሁን እንጂ በቀን አምስት መቶ ሰው በልብ አይፈተሽምና አቋራጭ ፈለገ። አቋራጩ አንገት ሆነ።

አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ በቀኝ፣ ያላሰረ በግራ ይሰለፍ ተባለ። በቀኝ በኩል ስምና የመጡበት አገር ይጠየቃል፣ ከዚያ ማለፍ ነው። በግራ በኩል ሃያ ስድስት ጥያቄ አለ፤ ከጥያቄው በኋላም ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ሥር ሦስት ቀን፣ ሲብስም ሳምንት መጠበቅ አለ። ዝናቡ ራኩባውን አያከብርም። በወረቀታችን ላይ ሃይማኖት የሚል ቃል አልነበረም፤ የቀኙ «ፈጣን»፣ የግራው «ጥልቅ» ማጣራት ይባላል። ስያሜውን በዚያ በሚደነቀው ጽሕፈቴ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ያህል አንድ ቃል ሳልተነፍስ ጻፍኩ። ወፍራሞቹ መጻሕፍት ቤት ነበሩ።

አያ ጌታሁን በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ የቀኙ ሰልፍ ጆንያ ሳይወጋ አለፈ አሉ። ልብ በሉ፤ በግራ ያለው ተንገላታ አላሉም። ሲያማርሩ የሰማኋቸው በቀኝ በኩል ስላለፈው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከጠረጴዛው ሥር በእግራቸው ነኩኝና በአገጫቸው ወደ ቀኙ ሰልፍ አመለከቱኝ።

«አስተማሪ፣ ክሩን አየኸው?»

አላየሁም ነበር። ከዚያ አየሁት። ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ አንገቱ ላይ ያለው ክር አንድ ዓይነት ውፍረት፣ አንድ ዓይነት ጥቁረት ነበረው። የጆንያ መስፊያ ሲባጎ ነው። ቀለም ነክረውታል። ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበሉበትን ክር አያ ጌታሁን ባያውቁት ነበር የሚገርመው። ገላባት ገበያ ላይ ሴቶች ከዳቦ ጎን ዘርግተው ይሸጡት ጀምረዋል አሉ፤ መስቀል ያለውም የሌለውም አለ። አንድ የገዳሪፍ ሽማግሌ ሻጯ የት እንደሚታሰር ሳትነግራቸው ቀርታ ኖሮ እንደ ክታብ ክንዳቸው ላይ አስረውት መጡ። ጥበቃው አንገታቸው ላይ እንዲያስሩት በምልክት ነገራቸው፤ አሰሩት፤ በቀኝ አሳለፋቸው። ሽማግሌው እያለፉ «ቢስሚላሂ» አሉ።

ነገሩ ለምናለ ተነገረው። ምናለም ብልህ ነውና መፍትሔ አበጀ፤ ከእንግዲህ በላብ የጠቆረ አሮጌ ማተብ ብቻ ይለፍ አለ። በሳምንቱ ገላባት ላይ በቅባትና በአመድ የታሸ አሮጌ ማተብ ወጣ። ከአዲሱ ይልቅ ተወደደ።

ይህ ከሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ አያ ጌታሁን በሥራ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አልተገኙም። አስተርጓሚ ስለሌለ ሥራው ቆመ፤ እኔም ልፈልጋቸው ተነሳሁ። አገኘኋቸው። በግራው ሰልፍ ውስጥ፣ በአንድ ሶርያዊ ጣፋጭ ጋጋሪና ሦስት ልጆች በያዘች ሴት መካከል መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ባዶ ነው። በዚህ አገር የሚታወቅ የስልሳ ዓመት ምእመን አንገቱ ባዶ ሆኖ ማየት ሱሪውን ረስቶ እንደወጣ ማየት ነው፤ ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ። ሰልፍ የሚያስይዘው ጥበቃ በዚያው ሳምንት ከሳንጃ የመጣ አዲስ ሰው ነበር፤ አያውቃቸውም። በአማርኛ ቢጠይቃቸው በአረብኛ መለሱለት። በግራ ገፋቸው።

ምናለ እየሮጠ መጣ።

«አያ ጌታሁን፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ተራዬን እጠብቃለሁ።»

«ሥራ ቆሟል እኮ። ማተብዎትስ?»

«ቤት ነው፤ አለምነሽ ይዛዋለች። አልበጠስኩትም፣ ፈታሁት እንጂ። ትናንት እዚሁ ስቆም ወገን ነበርኩ፣ ዛሬ ክር ፈትቼ ስመጣ ተጠርጣሪ ሆንኩ። ደግ አደረግህ፣ ጠርጥረኝ። ሃያ ስድስቱን ጠይቀኝ።»

«ያሾፉብኛል» አለ ምናለ።

«አዎ» አሉት። ከዚያ ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉለት፤ ደግፎ አነሳቸው። እጁን ሳይለቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምናለ ልጄ፣ ወንድምህን የወሰዱት ሰዎች አንገታቸው ላይ ምን ነበር?» አሉት።

ካጋቾቹ ያመለጡት የቀን ሠራተኞች የተናገሩትን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ያጋቾቹ አንገት ባዶ አልነበረም። ይህን ምናለ ፊት ላይ የሚናገር ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልተፈጠረም ነበር፤ ጨካኝ ሰው ያስፈልግ ነበርና። ምናለ ድልድዩን አየ። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞሮ ሁለቱን ሰልፍ አንድ አድርግ አለው።

ማተባቸውን መፍታታቸው ያለ ቅጣት አልታለፈም። የነፍስ አባታቸው፣ እኒያው መስቀል ነጣቂው ቄስ፣ መቶ ስግደት አዘዙባቸው። ጉልበታቸው እያቃሰተ ሰግደው ጨረሱ። ለሌላ ጊዜም የሚሆን ትርፍ ሰግጃለሁ ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰልፍ፣ ሦስት ጥያቄ ሆነ። ሦስቱንም ያወጡት አያ ጌታሁን ናቸው። ትናንት የት አደርክ? ማንን ትተህ መጣህ? ከዕቃህ የሚከብደው የቱ ነው? ጳጳስም ይምጣ ሼኽ፣ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄዎቹ የዋህ ይመስላሉ። ሰው ግን ስለ ስሙና ስለ እምነቱ መልስ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ የትኛው ዕቃው እንደሚከብድ አስቦበት የመጣ አላየሁም። ያልጠረጠሩት ሰው አልነበረም። እኔም አንድ ቀን አርፍጄ ብመጣ የት እንዳደርኩ ጠየቁኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው መጣ፤ ነጠላ ያጣፋ፣ ማተቡ ጣት የሚያህል፣ ከአፉ ውዳሴ ማርያም የማይለይ። ሦስተኛውን ጥያቄ ሲጠየቅ አንዲት ትንሽ ሣጥን በሁለት እጁ አቅፎ፣ የጸሎት መጻሕፍት ናቸው አባቴ አላቸው። አያ ጌታሁን ሣጥኗን ከፍ ዝቅ አደረጓት። «ከዚህ አስተማሪ ቤት ብዙ መጽሐፍ ተሸክሜለታለሁ፤ ወረቀት እንዲህ አይከብድም» አሉት። ከላይ ዳዊት ነበር። ከሥር ጥይት። ያው ሰው ከአንድ ሳምንት በፊት ቢመጣ ኖሮ በቀኝ በኩል «እንኳን ደህና መጣህ» ተብሎ ያልፍ ነበር። ምናለ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ጠረገ። በዚያው ሳምንት ደግሞ መቁጠሪያ ከእጃቸው የማይለይ አንድ ነጋዴ ዱቄት ውስጥ ሽጉጥ ተገኘ። አያ ጌታሁን በሁለቱም እኩል ደስ አላቸው።

ለእንግዳ ሰው ጨካኝ ነበሩ ካልኩ፣ ለሚያውቁት ይብሱ እንደነበር ልናገር። ኡስታ ኢድሪስ የገዳሪፍ ሰው ነው። ኡስታ በሱዳኖች የሙያ ሰው ማለት ነው፤ እሱ የትራክተር መካኒክ ነው። አሥራ አምስት ዓመት በየክረምቱ እርሻ ሲከፈት ድንበሩን ተሻግሮ ይመጣ ነበር። ከመተማ እስከ ሸሕዲ፣ ከዚያም ጭቃውን ሰንጥቆ እስከ ገለጉ፣ የእሱ እጅ ያላስነሳው ትራክተር የለም። የእንጨት ዘንግ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጥርሱ መካከል አድርጎ ያዳምጥና የናፍጣ ፓምፑ ነው ወይም ቫልቩ ነው ይላል። ከአያ ጌታሁን ጋር በየክረምቱ ዳማ ይጫወታሉ፤ ሁለቱም ያጭበረብራሉ። ኢድሪስ እንደ ሱዳኖች ደንብ አክብሮ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። እሳቸውም አቤት ይላሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ «ሐጂ» ብሎ ተጣርቷቸው፣ ምእመናኑ ሁሉ ዞሮ እያየ አቤት ሲሉት ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን ኢድሪስ የመሣሪያ ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሞ፣ ከሲታ ሆኖ፣ ሰልፉ ውስጥ ብቅ አለ። ተነስተው የሚስሙት መስሎኝ ነበር።

«ትናንት የት አደርክ?» አሉት።

ኢድሪስ ሳቀ። «ሐጂ፣ እኔ እኮ ኢድሪስ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የት አደርክ?»

ገላባት ሳይደረስ ዶካ አድሬያለሁ አለ፣ መስጊድ ውስጥ። ማንን ትተህ መጣህ አሉት። ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን፣ ኋላ ይከተሉኛል አለ። ሌላስ ሲሉት ሌላ የለም አለ። አያ ጌታሁን ዓይናቸውን አላነሱለትም። ኢድሪስ ወንድ ልጅም እንዳለው እኔም አውቃለሁ፤ ሁለት ክረምት አብሮት መጥቶ የማረሻ ዲስክ ሲያነሳ አይተነዋል። ሰልፉ ከኋላ ያጉረመርማል። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ኢድሪስ ሣጥኑን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አኖረው።

«ወንዱ ልጄ ከተዋጊዎቹ ጋር ገብቷል» አለ። «ወስደውት ይሁን ወድዶ አላውቅም። ድምፁን ከሰማሁ አራት ወር ሆነኝ።»

ብዕሬን ከወረቀቱ አነሳሁ።

«ጻፈው» አሉኝ አያ ጌታሁን።

ይህ ነገር አንድ ቀን ይጎዳዋል፣ እንተወው አልኳቸው። በሕይወቴ ለአንድ ሰው ደግ ልሁን ያልኩበት ብቸኛ ቀን ነበር።

«የሚጎዳው ያልተጻፈው ነው» አሉ። «ዛሬ ራሱ ሲናገረው ልጁ የጠፋበት አባት ነው። ነገ ሌላ ሰው ቆፍሮ ሲያወጣው ሰላይ ይሆናል። ጻፍ።»

ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ነው ተነስተው የሳሙት።

ኢድሪስ ገባ፤ ሸሕዲ ላይ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ያዘ። ሚስቱና ሁለቱ ልጆቹ በወሩ ገላባት ደረሱ። እስከዚያ ግን ምናለ ተዛውሮ ሌላ ሰብሳቢ መጥቷል። አዲሱ ሰብሳቢ ትሑት ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሁለት ሰልፍ አላሰለፈም። ፋይሉን ብቻ ሁለት ቦታ ይቆልላል። የኢድሪስ ቤተሰብ ፋይል ልጁ ተዋጊ ነው በሚለው በእኔ ጽሕፈት ምክንያት «ተጨማሪ ማጣራት» ተብሎ ቀረ። በዚያው ሳምንት ወንድሙ በዚያው ጦር ውስጥ እንዳለ የተናገረ ማተብ ያሰረ ሰው በሁለት ቀን አለፈ። ሁለቱንም ቅጽ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ወሬ አይደለም።

አያ ጌታሁን ሁለቱን ቅጽ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ልዩነቱን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ሰብሳቢው ጉዳዩ ስሱ ነው አላቸው። «እኔ ሰሊጥ መርማሪ ነኝ፤ ስሱ የሚባል ደረጃ አላውቅም» አሉት። በሳምንቱ በዕድሜያቸው ምክንያት በክብር ተሰናበቱ፤ የምስጋና ወረቀትም ተሰጣቸው። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

መሰናበታቸው አላስቆማቸውም። በየቀኑ ኬላው በር ላይ በርጩማ ይዘው እየመጡ ይቀመጡ ጀመር። ሰብሳቢው ሲገባም ሲወጣም ከመቀመጫቸው ተነስተው እጅ ይነሱታል፤ የሚሉት ነገር የለም። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሲያከብሩት ሰውየው አልቻለም። በመጨረሻ ቤተሰቡን የሚያውቁ ሦስት ነዋሪዎች በአካል ቀርበው ዋስ ከሆኑ ይገባሉ አለ። አንዱ እኔ ሆንኩ። አንዷ የጋራዡ ባለቤት ወይዘሮ ሆነች። ሦስተኛው አያ ጌታሁን ነበሩ። ማክሰኞ ልንቀርብ ዓርብ ዕለት ወባ ጣለቻቸው፤ እሑድ ሞቱ።

ኢድሪስ ቀብሩ ላይ መጥቶ ነበር። ከሰው ራቅ ብሎ አጥሩ ጥግ ቆመ። ወደ ውስጥ እንዲገባ የጠሩት ቄሱ ናቸው። ይህን ለቄሱ ክብር እጽፈዋለሁ።

አሁን ሚስቱና ልጆቹ ከድልድዩ ወዲያ ናቸው፤ ከዚህ ሆኜ ራኩባቸውን አየዋለሁ። ዝናቡ አላባራም። ትልቋ ልጅ በየቀኑ ድልድዩ አፍ ድረስ መጥታ ከአባቷ ጋር በእጅ ምልክት ታወራለች፤ መሻገር አትችልም። ባለፈው ሳምንት ከገላባት ጀርባ ተኩስ ተሰምቶ ሰዉ በነቂስ ወደ ድልድዩ ሮጦ ነበር። ፋይላቸው የሚጎድለው አንድ ፊርማ ብቻ ነው።

ድንኳን ውስጥ ሰው ፈለግሁ። ባለትራክተሮቹን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ትራክተራቸውን ያስነሳላቸውን ሰው ማን እንደሆነ አላጡትም። አንዱ ማክሰኞ እርሻ ላይ ነኝ አለኝ። ሌላው ልጁ ተዋጊ ነው አይደል ወይ አለኝ። ሦስተኛው ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ ክርስቲያን ቢሆኑ ኖሮ ዛሬውኑ እፈርም ነበር፣ ስለማላውቃቸው ነው እንጂ አለ። ኢድሪስ በዚህ ሰው ቤት አሥራ አምስት ክረምት ምሳ በልቷል። ሰውየው ይህን ብሎኝ ሲያበቃ ወደ ለቀስተኛው ዞሮ እንደ አያ ጌታሁን ያለ ሰው ከየት ይገኛል ብሎ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ጉዳዩን የከፋ የሚያደርገው እሱ ነው።

ዋስ መሆን ቀላል ነው አልልም። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠራው የፈረመው ሰው ነው፤ እኔም ፈርሜ ስመለስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የፈራህ እንደሆነ ልክ ነህ። ጠርጥራቸው። ድልድዩ ጋ ሄደህ እናቲቱን አነጋግራት፣ ልጆቹን ጠይቃቸው፣ ዕቃቸውን አስፈታ፣ የጠፋውን ልጅ ነገር እስኪበቃህ መርምር። ክርስቲያን ብትሆን የምትጠይቃትን ሁሉ ጠይቃት፤ ከዚያ በላይ ግን አንድም አትጨምር።

ይህን የምታነበው የመተማ ወይም የሸሕዲ ወይም የገለጉ ባለትራክተር፣ አንተን ነው የምለው። ኮሚቴው የዋስ ጉዳይ የሚያየው ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ነው። መታወቂያህን ያዝ። ና ፈርም።